የጣለኝ ዝናቡ አይደለም፣ ላቤ ነው

ሐምሌ ነበር፣ ቅዳሜ ቀን። ከጓደኛዬ ጋር ከደሴ ተነስተን በሳይክል ጉጉፍቱ ልንወጣ ተቀጣጠርን። ደሴ ራሷ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉጉፍቱ ደግሞ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ወሎ ውስጥ ስለ ብርድ ከተወራ የጉጉፍቱ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ይህን ስለማውቅ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር።

ዝግጅቴን ልንገራችሁ። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ኮፍያ ያለው ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ከታች ጅንስ። ጣቶቹ የተቆረጡ የሱፍ ጓንት። ከሁሉም በላይ ሰኞ ገበያ የገዛሁት አዲስ የላስቲክ ዝናብ ልብስ። ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፍቼበታለሁ፤ ጠብታ አላሳለፈም። ጓደኛዬ ስስ ጃኬት ብቻ ደርቦ ትንሽ ቦርሳ አዝሎ ሲመጣ ሳቅሁበት። "ዛሬ ታለቅሳለህ" አልኩት።

ዳገቱን ስንጀምር ካፊያ ወረደ። ላስቲኬን እስከ አንገቴ ዘጋሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ውስጤ ሻወር ቤት ሆነ። ላቡ በጀርባዬ እየወረደ ወገቤ ላይ ይጠራቀማል። ግን ሙቆኛልና ግድ አልሰጠኝም። ጓደኛዬ ጃኬቱን አውልቆ ወገቡ ላይ አስሮ፣ በካፊያው ውስጥ በስስ ማሊያ ይወጣል። ይሄ ልጅ አብዷል አልኩ በሆዴ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ቆመን ዳቦ በላን፣ ፎቶ ተነሳን። እሱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግን ሌላ ነበር። ከቦርሳው በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ የሱፍ ሹራብ አወጣ። እርጥቧን ማሊያ አውልቆ ሹራቡን ለበሰ፣ ጃኬቱን ደረበ። አንድ ጋዜጣ አጣጥፎ ደረቱ ላይ ከተተና ዚፑን ዘጋ። "አንተስ?" አለኝ። እኔ የምቀይረው አልያዝኩም። ደግሞ ለምን እቀይራለሁ? ላስቲኬ አንድም ጠብታ አላስገባም።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ወዲያው ውሽንፍሩ መጣ። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄዱት፤ ቁልቁለት ላይ 40 ትደርሳላችሁ። ነፋስ ባይኖር እንኳ ነፋሱን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ቴርሞሜትር 10 ዲግሪ በሚያሳይበት አየር በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወርዱ ፊታችሁ ላይ የሚሰማችሁ 6 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ለደረቅ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከካናቴራዬ እስከ ሹራቤ ጨርቅ ሁሉ በላብ ርሷል። ፔዳል መምታትም አቁሜያለሁ፤ ስለዚህ ሰውነቴ የሚሠራው ሙቀት በጣም ቀንሷል።

መጀመሪያ ደረቴ ላይ የበረዶ ሳህን የተለጠፈብኝ መሰለኝ። ከዚያ ጣቶቼ ሄዱ። ፍሬኑን እየጨበጥኩ መሆኔን የማውቀው ዝቅ ብዬ እጄን ሳይ ብቻ ነበር። ስንቀጠቀጥ መሪው አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ልመልስለት ስል ምላሴ ተሳሰረ፤ የሰከርኩ ይመስል ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ሳብኩ ብዬ ነበር፣ ለካ አልሳብኩም። ከአስፋልቱ ወጥቼ ቦይ ውስጥ ጭቃ ላይ ተዘረርኩ። ፈጣሪ ሲያተርፈኝ ከኋላ ሲኖትራክ አልነበረም።

ከመንገዱ አለፍ ብሎ ጢስ የሚወጣው ቤት ነበር። ጓደኛዬ ደግፎ አስገባኝ። የቤቱ እናት ገና ሲያዩኝ "ውይ በሞትኩት! ምን ሁነህ ነው ልጄ?" አሉ። ወደ እሳቱ ልጠጋ ስል ክንዴን ያዙኝ። "እርጥቡን እንደለበስክ እሳት ምን ይሠራልሃል? አውልቅ!" አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ባና ወረወሩልኝ። ባናው ይኮሰኩሳል፣ የበግ ሽታም አለው። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ልብስ የለም።

ሹራቤን ደጃፍ ላይ ሲጨምቁት ውሃው ተንዠቀዠቀ። ከዚያ ላስቲኬን አነሱና ገልብጠው በእጃቸው ዳበሱት። ውስጡ ከውጪው ይብስ ነበር። "ልጄ፣ አንተን እኮ ዝናብ አልነካህም" አሉኝ። "በላብህ ነው የራስከው።"

ትንሽ ቆይቶ ልጃቸው በጎቹን አስገብቶ መጣ። የለበሰው ገሳ ነበር። በከባድ ዝናብ ውስጥ ሲውል የዋለ ልጅ ነው። ገሳውን አውልቆ ሁለት ጊዜ አራገፈና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከሥሩ ሸሚዙ ደረቅ ነበር። ያን ቀን ትኩስ አጥሚቴን እየጠጣሁ ዓይኔ እዚያ ገሳ ላይ ቀረ። ሣር ነው፣ ቀዳዳው አይቆጠርም። ዝናቡ በላዩ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከሥር ግን ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፣ ወበቁ ይወጣል። እኔ በከተማ ገንዘብ የገዛሁት ላስቲክ ያንን አይችልም።

በኋላ አንድ የማውቀው የጤና ባለሙያ ነገሩን አስረዳኝ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ምላስ መተሳሰር፣ እጅ አልታዘዝ ማለት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቱ ነው። ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ካቆመ "ተሻለው" እንዳትሉ፤ ባሰበት ማለት ነው። እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ንቁ ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር አጠጡት፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አረቄ አትስጡት። አረቄ የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚከፍት ሙቀት የተሰማ ይመስላል እንጂ ያለችውን ሙቀት አውጥቶ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ተምሬያለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ገና ገንዘብ ማባከን ይቀረኝ ነበር። መጀመሪያ የቆዳ ጃኬት ገዛሁ። ሲርስ እንደ በሬ ይከብዳል፣ ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ቀጥሎ ላባ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ከሰልባጅ አገኘሁና ደስ አለኝ። ደረቅ ሳለ እንደ እሱ የሚያሞቅ የለም። ዝናብ ሲነካው ግን ላባው ተጣብቆ እንደ ራሰች ዶሮ ኩርምት አለ። ሁለቱንም ሸጥኳቸው፤ በኪሳራ።

የገባኝ ነገር ይህ ነው። አንድ ልብስ ሁሉንም ሥራ አይሠራም። ከውስጥ የሚለበሰው ላብን ከቆዳ ላይ ማንሳት አለበት። የመሃሉ ሙቀት ይይዛል። የላዩ ነፋስና ዝናብ ያቆማል። ሦስቱም ስስ ይሁኑ፣ በየመንገዱ የሚወልቁና የሚለበሱ ይሁኑ።

ከቆዳችሁ ጋር የሚነካካው ዋናው ነው፤ ሰው ግን ለእሱ ሳንቲም አያወጣም። ጥጥ ተዉ። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይይዛል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በበለጠ ፍጥነት ነው። ፖሊስተር ራሱ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 1 በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ርካሹ መፍትሔ እቤታችሁ አለ፦ የኳስ ማሊያ። የአርሴናል ይሁን የማንቼ ለብርዱ ግድ የለውም። ከቻላችሁ ግን ስስ የሱፍ ካናቴራ ፈልጉ። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ወስዶም እርጥብነቱ አይሰማም፤ ርሶም ያሞቃል። የጉጉፍቱ ሰው በበርኖስና በባና የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰልባጅ ተራ ስትሄዱ ቦንዳ በተፈታ ቀን ጠዋት ሂዱ። ቀለሙን ሳይሆን አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለችውን መለያ እዩ። ኮተን ካለ መልሱት። ሱፍ ወይም ሜሪኖ (ለስላሳ የሱፍ ዓይነት ነው) ካለ ቀዳዳ ቢኖረውም አትልቀቁት፤ ቀዳዳ ይሰፋል። እኔ አሁን የምለብሰው የሱፍ ሹራብ ክርኑ ላይ ሦስት ቦታ ተጥፏል።

የላዩን ጃኬት ስትመርጡ ጊዜ ውሰዱ። መጀመሪያ ገልብጡት። ስፌቶቹ ላይ ከውስጥ ስስ ማሸጊያ ጥብጣብ ተለጥፎ ከሆነ ለዝናብ የተሠራ ነው። ጥብጣብ ከሌለው ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ውስጡ እንደ ተላጠ ቀለም የሚራገፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል፤ ሻጩ ምንም ቢምል አትስሙት። ከዚያ አፋችሁን ጨርቁ ላይ ገጥማችሁ ንፉ። ትንፋሻችሁ በቀላሉ ካለፈ የቁልቁለት ነፋስም ያልፋል። ሻጮቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ውሃ ካለ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ጥሩ። ሰርጎ ጨርቁን ካጠቆረው የላዩ ሽፋን ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ በደንብ ታጥቦ ሳሙናው ሲለቅ ይሻለዋል። ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ግን አታስነኩት።

አንዳንዱ ላይ 10,000 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ነው፤ ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢጫነው ውሃ ሳያስገባ ይችላል ማለት ነው፤ ለእኛ ክረምት ይበቃል። ነገር ግን ቁጥሩ ምንም ቢሆን የዳገት ላብን ሙሉ በሙሉ የሚያስወጣ ጃኬት እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ ብብቱ ሥር ዚፕ ያለውን ምረጡ። የእኔ አልነበረውም። ፒያሳ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በሁለቱም ብብት ሥር አስከፈትኩትና ዚፕ አስገባሁ። ልብስ ሰፊው "ደህናውን ጃኬት ለምን ትቀደዋለህ?" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ገሳውን ነገርኩት። "አሃ" አለና መቀሱን አነሳ።

ጀርባው ረዘም ያለ መሆኑንም እዩ። ሳይክል ላይ ስታጎነብሱ ጃኬት ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወገባችሁ ይጋለጣል። የኋላው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ውሃ ደግሞ ቀጥታ የሚመጣው እዚያው ላይ ነው። ፓራፋንጎ ከሌላችሁ የአሮጌ ጄሪካን ጎን ቆርጣችሁ ከመቀመጫው ሥር በሽቦ እሰሩት። ያምራል አልልም። መቀመጫችሁ ግን ደረቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ፦ መቼ ይለበሳል? ከቤት ስትወጡ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ካልበረዳችሁ ልብስ አብዝታችኋል፣ ዳገቱ ላይ ትዋኛላችሁ። ካፊያ ብቻ ከሆነና ዳገት እየወጣችሁ ከሆነ ጃኬቱን አውልቁት ወይም ክፈቱት። በካፊያ ትንሽ መርጠብ በላብ ከመቀቀል ይሻላል። ዶፍ ሲሆን ልበሱ፣ ግን ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ላብ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ከዳቦውም ከፎቶውም በፊት ልብስ ቀይሩ። "ገና ሙቆኛል" ስትሉ ነው መቀየሪያው። ብርዱ ከተሰማችሁ በኋላ ጣታችሁ ዚፕ አይዝም።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በ1988 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጂሮ በተባለው የጣሊያን የሳይክል ውድድር ላይ ጋቪያ በሚባል ተራራ በረዶ ጣለ። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ቡድኑ ቀድሞ የክረምት ልብስ ገዝቶ ከጫፉ በታች አዘጋጅቶለት ስለነበር ሞቅ ያለ ኮፍያና ጓንት ነበረው። ሌሎቹ በቁልቁለቱ እየተንቀጠቀጡ ሲቆሙ እሱ በዚያ ቀን መሪነቱን ወሰደ፣ ጂሮውንም አሸነፈ። ጋቪያ ከፍታው 2600 ሜትር ገደማ ነው። ከጉጉፍቱ ያንሳል እኮ! በረዶው አይጣልብን እንጂ እኛ በየሳምንቱ ከዚያ በላይ እንወጣለን።

ለእጅ የሱፍ ጓንት ብቻውን አይበቃም፤ ነፋስ ያስገባል። እኔ ከላዩ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት እደርባለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ብቻ። ቀለሙ ሮዝ ነው። ባጃጅ ሾፌሮች "ሰሃን ልታጥብ ነው?" እያሉ ያልፉኛል። ፍሬን ግን እይዛለሁ። ከመውረዳችሁ በፊት ግን በዚያ ጓንት ፍሬን መሳብ መቻላችሁን ሞክሩ፤ አንዳንዱ ያንሸራትታል።

ጅንስ አትልበሱ። አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ጉልበት ያስራል። ጠበብ ያለ ቱታ ይሻላል፤ የቀኝ እግሩን ጫፍ ደግሞ በላስቲክ እሰሩት፣ ካቴና እንዳይበላው። ነጠላና ረጅም የአንገት ልብስም ጎማ ውስጥ ሲገባ ይጥላል፤ ጫፉን ጃኬት ውስጥ ክተቱት።

የጃኬት ኮፍያ ነገር ሰው አይጠነቀቀውም። ከኋላ መኪና መኖሩን ለማየት ስትዞሩ ጭንቅላታችሁ ይዞራል፣ ኮፍያው አይዞርም። የምታዩት የጨርቅ ግድግዳ ነው። እኔ ከሄልሜት ሥር ጆሮ የሚሸፍን ስስ የሱፍ ኮፍያ አድርጌ የጃኬቱን ኮፍያ እተወዋለሁ።

ሌላው ቀለም ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ስወርድ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ አሥር እርምጃ አያሳይም። በጭጋግ ነጭና ግራጫ ይጠፋል። አይሱዙው ሲያያችሁ ደርሷል። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ባለ አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከላይ ጣል ማድረግ ነው። ያ መንገድ ሌላም ትምህርት አለው። ደሴ ላይ ተጀቡናችሁ ትነሳላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ 1850 ሜትር አካባቢ ያለው ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፀሐይ ትጠብቃችኋለች። ስለዚህ ያወለቃችሁትን የምትይዙበት ቦርሳ ይኑራችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዝናብ የለም፣ ብርዱ ደረቅ ነው። ያኔ ጋዜጣው ይበቃል። ደረታችሁ ላይ ሁለት ሦስት ገጽ አድርጉ፣ ታች ስትደርሱ አውጡት።

ስትመለሱ ጃኬቱን እሳት ዳር አታድርቁት። የእኔ አንድ እጅጌ ከከሰል ምድጃ ተጠግቶ ቀልጧል፣ አሁንም እንደ ማስቲካ የተኮማተረ ነው። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ስቀሉት።

ጫማ ላይ እስካሁን አልተሳካልኝም። ኮንጎ ጫማ ውሃ ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ ግን እግር ያቀዘቅዛል። ቦቲ አንዴ ውሃ ከገባው ባልዲ ነው። የሱፍ ካልሲ ለብሼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከዚያ ስኒከር ማድረግ ጀመርኩ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል፣ ከዚያ እግሬ በራሱ ላብ መራስ ይጀምራል። አሁን ሁለተኛ ደረቅ ካልሲ ይዤ እየወጣሁ ጫፍ ላይ እቀይራለሁ። ባለፈው ሐምሌ እዚያው ቤት ጎራ ብዬ ለእናትየው ቡናና ስኳር አደረስኩ። ገና በሩ ላይ እያለሁ እጅጌዬን ገልበጥ አድርገው ውስጡን ዳበሱት። "ደርቀሃል" አሉ። ከዚያ ወደ እግሬ አዩ፤ ከጫማዬ ላይ የፌስታሉ ጆሮ ወጥቶ ይውለበለባል። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?"